የዋልልኝ ለቅሶ

ዋልልኝ ሳያለቅስ ገባ። ሁለት ወር ቆይቶ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው፣ ከአጥሩ በር ጀምሮ «ወንድሜን!» እያለ እንደ መግባት፣ ዝም ብሎ ዘው!

«ቆጣሪ ልታነብ ነው የመጣኸው?» አልኩት። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ከወንድሜ ከይሻው ጋር እዚሁ ደብረ ታቦር ነው ያደጉት። አዲስ አበባ ገብተው ሁለቱም የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ሆኑ። በመጨረሻው ውድድር የይሻው መኪና ተገልብጦ እሱ ሞተ። ዋልልኝ አንደኛ ወጣ። መኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ እስክስታ ሲመታ የሚያሳየውን ቪዲዮ ዱባይ ሆኜ አየሁት፤ መርዶው ገና አልደረሰኝም ነበር። «ጎሽ የኛ ልጅ!» ብዬ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናቴ ግን ከሰው አፍ ስትከላከልለት ከረመች። «ፊት ፊት የሚሮጥ የኋላውን በምን ያያል? አላወቀም» አለች፤ ሰዉም ተቀበላት። አሁንም ከመደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። «አረፍ በል ልጄ። ሳታውቅ ላደረግኸው አልተቀየምኩህም።»

አልተቀመጠም። የሹራቡን እጅጌ ይጎትታል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ይሻውም እንዲሁ ነበር፤ «ፍርሃቱን ያሳየ ይቀደማል» እያለ ቤት ሲመጣ እንኳ ፊቱን ይዘጋብን ነበር።

«እማማ ጌጤ፣ አውቄ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«በመስታወት አየሁት። ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ። ከዚያ ኩርባው ጋረደኝ። ግማሽ ዙር ነበር የቀረኝ። አላቆምኩም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጭፈራ?» እኔ ነኝ የጮህኩት።

«ከጣሪያው ስወርድ ምን እንደሚነግሩኝ አውቃለሁ። እንዳልወርድ ነው የጨፈርኩት።»

ዘልዬ ልይዘው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። ወደ እሱ ዞረች።

«ይህን ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም። ለአንቱ ብቻ።»

«ለእኔ ብቻማ አይሆንም። እኔ ለአገሩ ሁሉ አላወቀም ብያለሁ። ውጣ። ከበሩ ጀምር። እንደ ሰው አልቅሰህ ግባ።»

ወጣ። የቆርቆሮው በር ተዘጋ። ጠበቅን፤ ድምፅ የለም። ሄዷል፣ እሰይ ይሂድ አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ የእውነት ሄዶ እንዳይሆን ፈራሁ።

ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እንደ ሕፃን ተሰባብሮ።

«ወንድሜን! ይሻውን! አይቼ ያለፍኩትን ወንድሜን! እየሞተ የጨፈርኩበትን!»

የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ልትቀበለው ወጣች።