መብራት ቢሄድስ?

«የላፕቶፔ ዲስክ አከፋፈል ከአሮጌው ኤምቢአር ወደ አዲሱ ጂፒቲ ሲቀየር አንዲት ፋይል ብትጠፋ፣ ወየውልህ!» ብሎታል ደንበኛው ገና ሱቁ ሲገባ። ኮምፒውተር ጠጋኙም ላቡ በጀርባው እየወረደ ሠራ። ላፕቶፑ ተነሣ፤ ፎልደሮቹ ሁሉ በየቦታቸው አሉ። እፎይ አለ።

«ምንም አልጠፋም ጋሼ።»

ደንበኛው አንድ በአንድ እየከፈተ ካየ በኋላ ፊቱ ፈታ አለ። «ጎበዝ ነህ። ግን ባትሪው የሞተ ነው፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድብህ ኖሮስ?»

ጠጋኙ ሙያው የተናቀ መሰለውና ኮራ ብሎ መሳቢያውን ከፈተ። «እኔ መጀመሪያ ሳልገለብጥ የሰው ዲስክ አልነካም። ይኸው፣ ሙሉ ቅጂው እዚህች ትንሽ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ።»

ደንበኛው ቅጂውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደና የሱቁን የብረት መዝጊያ ከውስጥ ጎትቶ አወረደው።

«ካንተ ሌላ ማን አይቶታል?»