ያልተፈታው ገመድ

ሐይቁ ዳር የተሠራው መናፈሻ ነገ ይመረቃል። ዳርቻው በአፈርና በድንጋይ ስለተሞላ፣ ድሮ ጀልባ የሚታሰርበት ሾላ አሁን ከውሃው ርቆ በአግዳሚ ወንበሮች መካከል ቆሟል። ግንዱ ላይ ግን የፊልሞን ገመድ እንደታሰረ ነው። ፊልሞን ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባዋ ብቻዋን ተመልሳ እዚሁ ከታሰረች ዓመታት አልፈዋል። ሐይቁ የወሰደውን ሰው እስኪመልስ የጀልባው ገመድ አይፈታም ይላሉ ዓሣ አጥማጆቹ። ሚስቱ ሐዳሳም አላስፈታችም፤ ከባሏ የቀራት ገመዱ ብቻ ነበር።

«እትዬ ሐዳሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ፎርማኑ ዩኑስ። «ነገ ልጆች ይጠለፉበታል። ልቁረጠው?»

«አይቆረጥም። እኔው እፈታዋለሁ።»

«ጫፉ እንደሆነ ባዶ ነው። ጀልባዋን አንስተን እኮ ነው አፈሩን የሞላነው።»

ገመዱ ከግንዱ ወርዶ፣ ሣሩ ላይ ላላ ብሎ ተጋድሞ፣ በንጣፉ ድንጋዮች መሃል ወደ መሬት ይገባል። ሐዳሳ ቋጠሮውን ያዘች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ቢውልም እጇን አረጠባት።

ፊልሞን ጀልባዋን ባሰረ ቁጥር፣ ቋጠሮው መጥበቁን ለማየት ገመዱን ሁለቴ ሳብ ሳብ ያደርግ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «በይ እንሂድ» ይላታል።

ቋጠሮው ላላ ማለት ሲጀምር ገመዱ ከሣሩ ላይ ብድግ ብሎ ተወጠረ።

«ማነው የሚጎትተው?» አለ ዩኑስ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

ከንጣፉ ሥር፣ ገመዱ ሁለቴ ሳብ ሳብ ተደረገ።