ማንም ያልመጣበት ገጽ

የሉማሜው መምህር አምሳሉ በዓለም ሊታወቅ ያሰበው ማንም የማያውቀው ነገር በመሥራት ነው።

ድንቅ ድረ ገጾችን የሚመዘግብ አንድ የውጭ ድርጅት ውድድር አውጥቶ ነበር። አምሳሉ የገባበት ዘርፍ «በዓመት ውስጥ ከሁሉም ያነሰ ሰው የጎበኘው ገጽ» ይባላል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ባለቤቱም ቢሆን ገጹን መክፈት አይፈቀድለትም፤ የጎብኚውን ብዛት ድርጅቱ ራሱ በየወሩ በኢሜይል ያሳውቀዋል።

ገጹን የሠራለት የኮምፒውተር መምህሩ ንጉሴ ነው። የልብ ወዳጁ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ለሚደግሰው ሠርግም አንደኛ ሚዜው። ንጉሴም በበኩሉ «በዓለም ረጅሙ ገጽ» በሚለው ዘርፍ ገብቷል። የሱን ገጽ በጣቱ ወደ ታች የሚስብ ሰው ከጮቄ ጫፍ ተነስቶ ዓባይ በረሃ ቢወርድም መጨረሻውን አያገኘውም።

የአምሳሉ ግን አጭር ነው። ሮብ ገበያ ከተማ ያለው የእናቱ ቤት በር ፎቶ፣ ከሥሩም «እዚህ ማንም አልመጣም» የሚል ጽሑፍ። ውድድሩ ሊጀመር ሰሞን ለእናቱ ለወይዘሮ ሽታዬ በራሳቸው ስልክ ከፍቶ አሳያቸው።

«ውይ ልጄን! አንድም ሰው?» አሉ በራቸውን እያዩ።

«አንድም!» አለ አምሳሉ በኩራት።

ወይዘሮ ሽታዬ ፊቱን ትክ ብለው አዩትና ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

የመጀመሪያው ኢሜይል ሲመጣ አምሳሉ ዓይኑን ማመን አቃተው። ጎብኚ አለ! ያውም ሁሉም ከኢትዮጵያ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። በሁለተኛው ወር ባሰ፤ በሦስተኛውም ጨመረ። ውድድሩን አንድ ፊንላንዳዊ ይመራ ጀመር፤ ገጹ ላይ ያለው አንድ የዛገ ምስማር ነው።

አምሳሉ ጠላቱን ለማወቅ ብዙ አልደከመም። አድራሻውን ከንጉሴ ሌላ ማን ያውቃል? ንጉሴ ደግሞ ተማሪዎቹን በወር አንዴ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ያስገባል።

«ተማሪዎችህን እየነዳህ ታስገባብኛለህ፣ አይደል?»

«እኔ? ያንተን በር አስከፍቼ ምን ላገኝ?» ንጉሴ ሳቀ።

መሳቁ አምሳሉን ይበልጥ አንጨረጨረው።

እናቱ በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

«ሰው መጣልህ ልጄ?»

«መጣብኝ እንጂ እማዬ! በየወሩ እየጨመረ ነው!»

«እሰይ! ተመስገን! ገና ይጎርፋል።»

አምሳሉ ኔትወርኩ ቃሉን ቆራርጦባቸው ይሆናል ብሎ ተወው።

አራተኛው ኢሜይል የመጣ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ፣ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ንጉሴን «ምቀኛ» አለው። ሚዜነቱንም እዚያው ሻረው። ንጉሴ በዚያን ቀን አልሳቀም። በማግስቱ አምሳሉ የገዛለትን የሚዜ ሱፍ በፌስታል አድርጎ ላከለት። አምሳሉ ሱፉን ከፌስታሉ አውጥቶ አንዴ ዳሰሰው፤ ግን ጥፋተኛው ንጉሴ ነው ብሎ ልቡን አጠነከረ።

ከዚያ የእናቱ የሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሰና ድግሱን ሊያግዝ ሮብ ገበያ ወጣ። ያቺን በር ሲያያት የፊንላንዳዊው ምስማር ትዝ አለውና ተናደደ። ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኞቹ ቤቱን ሞሉት። አንዳንዶቹን ከዚህ በፊት አይቷቸው አያውቅም።

«ማኅበራችሁ በዛ እኮ፣ እማዬ» አላቸው።

«አዎ፣ በየወሩ አዲስ ሰው እያመጣን ነው» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ።

የማኅበሩ ቄስ አባ ዘማርያም ጸሎቱን አሳረጉ። ወዲያው ሽማግሌውም ባልቴቷም ከጋቢና ከነጠላ ሥር ስልክ ስልካቸውን አወጡ። አምሳሉ ጠላ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ ከጓዳ ብቅ ብለው፤ «ጽዋው ሳይዞር እንደ ልማዳችን ሁላችሁም የልጄን ገጽ አንድ አንድ ጊዜ ክፈቱለት።»