የታሸጉት ፖስታዎች

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጣቱን እየላሰ ወረቀት የሚገልጥ ሰው ስታይ ያጥወለውላታል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ሳይልስ አንዲት ገጽ አይገልጥም። ስለዚህ የሠርግ ጥሪ ፖስታ ላይ አድራሻ ሲያትሙ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ የተጋባዡን ስም መሀል፣ ሰፈሩን ከሥር ታሰፍራለች፤ እሱ የፖስታውን ክዳን ገልጦ ፕሪንተሩን ያጎርሳል። ክዳኑ ከታጠፈ የማሽኑ ሙቀት ሙጫውን አቅልጦ ያጣብቀዋልና።

ዛሬ ግን ፖስታዎቹ ታሽገው ወጡ። አንዱን ስታነሳ ጣቷ ላይ ለሃጭ ተዝለገለገ፤ ለብ ያለ፣ የበሰበሰ ጥርስ የሚሸት።

«አንተ ቆሻሻ! ዞር ስል በምላስህ ታሽጋለህ?»

«ኧረ እትዬ፣ እናቴ ትሙት!»

«እናትህ እናቴም ናት፤ ዝም በል!»

እያንገሸገሻት እጇን በሳሙና ፈተገች። ከዚያ አንዲት መራራ ክኒን ፈጭታ፣ እሱ ሳያያት ዱቄቱን በቀጣዩ ፖስታ ሙጫ ላይ አሸችበት።

«በል ይሄን አጉርስ» አለችውና፣ ሲልስ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ዓይኗን አፉ ላይ ተከለች።

እሱ ክዳኑን ገልጦ አጎረሰና እጁን አነሳ። ከንፈሩ ግጥም ብሏል። ማሽኑ ፖስታውን ስቦ ስቦ፣ ግማሽ ላይ ቆመ። ምን ነካው ብላ ወደ መውጫው ጎንበስ አለች።

ከማሽኑ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«እትፍ!»

ፊቷ በሞላ ራሰ። ከንፈሯ ላይ ያረፈው ክኒን ክኒን ይላል።