ባለሽበት ቁሚ

የአምስት ዓመቷ ልጄ ማሕደር መናኸሪያ ውስጥ የጠፋችብኝ ትኬት ስቆርጥ ነው። ልሮጥ ስል አያቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ጥምቀት ላይ ጠፍቼባት፣ ቆሜ ስታገኘኝ አልተቆጣችኝም። "ጎሽ የኔ ልጅ፤ ሁለታችንም ብንዞር ኖሮ አንገናኝም ነበር። የጠፋ ሰው ባለበት ይቁም" ብላ አቀፈችኝ። ብዙ ነገር አስተምራኛለች፤ እስከ ዛሬ አንዱም አላሳፈረኝም።

ስለዚህ ቆምኩ። ለሚያልፈው ሁሉ ልጄ ጠፋችብኝ እላለሁ፤ አውቶቡሶቹ ጡሩምባ እየነፉ ይወጣሉ።

"እናት፣ ልጅ ጠፍቶ እንደ ምሰሶ መገተር ምንድን ነው?" አለኝ አንድ ረዳት።

"ትመጣለች። አያቴ ያስተማረችኝ እንደዚህ ነው።"

"አያትሽ መናኸሪያ አይተው ያውቃሉ?"

አጠገቤ ሎሚ የምትሸጠው ሴት ቀና አለች። "ልጅቷስ ይህን ታውቃለች?"

"እንዴታ። ከጠፋሽ ባለሽበት ቁሚ እያልኩ ነው ያሳደግኳት።"

"ታዲያ ማን ማንን ይፈልግ?"

ሮጥኩ። ማሕደር ከትኬት ቤቱ ጀርባ ቆማለች። አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ እየመጣባት ነው፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ክንዷን ይዤ ጎትቼ ሳወጣት እያለቀሰች አየችኝ።

"እኔ ቆሜ ነበር፤ አንቺ ለምን አልመጣሽም?" አለችኝ።