ከግድግዳው ወዲያ

አለኸኝ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ከድሮ ራዲዮ ውስጥ ድምጽ የሚያጎላውን አምፖል እየለቀመ አዲስ አበባ ላሉ የሸክላ ሙዚቃ ወዳጆች ይሸጣል። አምፖሉን የሚፈትንበት መንገድ ቀላል ነው። አምፖሉን አምፕሊፋየሩ ላይ ይሰካና እስኪግል ይጠብቃል፤ ከዚያ መስታወቱን በእርሳስ ጫፍ አንዴ መታ ያደርገዋል። ደህናው ዝም ይላል፤ የታመመው በድምጽ ማጉያው ያቃጭላል።

ሱቁንና መኝታ ቤቱን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ምሳ ሲደርስ ባለቤቱ የኔአለም ከወዲያ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታ ነበር። እሱም ሁልጊዜ፣ “መጣሁ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ” ይላታል።

ባለፈው ጥቅምት የመታችው ግን ለምሳ አልነበረም። ይቺን ብቻ ጨርሶ ሲገባ ነፍሷ ወጥታ ነበር። ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ፣ “ምንም አልሰማሁም” አለ።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ አንዱን አምፖል በእርሳሱ አንዴ መታው። ድምጽ ማጉያው ሁለቴ መለሰ። ደግሞ መታው። አሁንም ሁለቴ።

“መጣሁ! መጣሁ የኔአለም!” እርሳሱን ጥሎ እየሮጠ ዞረና መኝታ ቤቱን ከፈተ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም የለም። ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። በእሷ ምት ብዛት ጭቃው የጎደጎደበትን ቦታ በእጁ ዳበሰና ሁለቴ መታ።

ከባዶው ሱቅ እርሳስ መስታወት ሲነካ ተሰማ። ቀጥሎ የገዛ ራሱ ድምጽ፣ ሳይቸኩል፣

“መጣሁ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ” አለው።