የአራሷ ቅጠል

ልጅ ስላልወለድኩለት ባሌ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ወደ እናቴ ቤት መለሰኝ። የወንድሜ ሚስት ታም ግን በዓመቷ ዱብ አደረገችው! ከሜኮንግ ወንዝ ዳር የተለቀመውን፣ ለአራስ ወተት የሚያወርደውን ቅጠል፣ ኢክ ማውን፣ የማፈላላት እኔ ሆንኩ። ሦስት ሳህን ውሃ አንድ ሳህን እስኪቀር ይፈላል።

"አንቺ እንዳትቀምሺው! ለወለደች ብቻ ነው" አለችኝ እናቴ።

ቅናት አንጀቴን አሳረረው። የመጀመሪያውን ሳህን በየቀኑ እኔው ጠጥቼ፣ ያንኑ ቅጠል ዳግም እያፈላሁ ለታም ሰጠኋት።

በዘጠነኛው ቀን የሕፃኑ ለቅሶ አላባራ አለ።

"እትዬ ንያን፣ ጡቴ እኮ ደረቀ" አለች ታም እያለቀሰች።

"ብዪ ስትባዪ አትበዪም!" ብዬ ሕፃኑን ተቀበልኳት። ወዲያው ዝም አለና አፉን ከፍቶ ወደ ደረቴ ዞረ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሸሚዜ ግራና ቀኙን ርሷል።